አምስተኛው ቋጠሮ

ከቦርከና ድልድይ ትንሽ አለፍ ብሎ፣
አሮጌ ጎማ ነው ምልክቴ፣ ተሰቅሎ።
ከሚሌ በረሃ፣ ከባቲ አቧራ፣
ሲኖው እያነከሰ ይመጣል በተራ።
እለጥፋለሁ እኔ፣ እነፋለሁ እኔ፤
ብሩም ይወርዳል ወደ ኪሴ፣ ከጎኔ።
ኪሴ ግን አንድ ነው።
የሱቁም፣ የቤቱም፣ የማስቲሹም ዋጋ
እዚያው ሲጋፋ ነው ሌሊቱ የሚነጋ።
ማታ ስቆጥረው ብዙ ነበር ያልኩት፣
ጠዋት ላይ የለም፤ ወላሂ፣ የት እንዳደረግሁት!

ሚስቴ ዘምዘም ደግሞ ደብተር አትይዝም፣
ባንክ ቤት ተሰልፋ ወረፋ አትጠብቅም።
ሻሿ አራት ጫፍ አለው፤
አንደኛው ለጤፍ ነው፣
አንዱ ለቤት ኪራይ፣
አንዱ ለልጅቷ፣ ለትምህርት ቤት ከፋይ፣
አራተኛው ለሰው፣ ለሠርግና ለእድር፣
ባዶ እጇን ሄዳ አንገት እንዳታቀረቅር።
የጤፉ ጫፍ ሲያልቅ፣ አለቀ። ሌላ የለም።
ኪራዩን ፈትታ ሽሮ አትገዛም።
"እጅ አንዴ ከፈታ፣ መፍታት ይለምዳል" ትላለች፣
በጥርሷ ነክሳ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

ዓምና በሐምሌ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ሞተ፤
ሾፌሩ ሁሉ አልፎኝ ወደ ማዶ ከተተ።
ነፋስ ሻጭ ነኝ እኔ፣ ነፋስ አጥቼ ቆምኩ፤
ለብድር በሐረጎ ደሴ ድረስ ወጥቼ፣
ጉም ብቻ ተሸክሜ ማታ ተመለስኩ።

ዘምዘም አልተቆጣችም።
አራት የወተት ጣሳ አጥባ አደረቀች፣
በየሆዳቸው ላይ ልጅቷን አስጻፈች፦
"ዕቃ"። "ኪራይና ግብር"። "ኮምፕረሰር"። "የአባባ"።
"የእኔ ደግሞ የምን?"
"ደመወዝህ ነዋ! አንተም ሠራተኛ ነህ።
የሱቁ ብር የሱቁ ነው።
እኔ ያገባሁት አንተን ነው እንጂ
ጎሚስታውን አይደል።"

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ረዳቴ ይማም
ፈርሞ ተቀበለ፤ ሳቁን አልደበቀም።
ቀጥዬ እኔ ፈረምኩ፣ ሙሉ ስም፣ እስካያቴ፣
በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ ቅጥር በገዛ ቤቴ።
አፍሬ ነበረ።
ግን ያን ዕለት ማታ
ለልጄ ሙዝ ስገዛ፣
ከኪሴ ያወጣሁት ብር የእኔ ብቻ ነበር፤
እጄም አልተጠራጠረ።

ደግሞ አትመኑኝ፣ ሁሉም አልተቃናም።
ጓዳ ወር ሲጠባ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤
ሱቅ ወር አያውቅም፣ መንገድ ሲዘጋ ያልቃል።
በጥር አርባ ጎማ ባንድ ቀን የነፋሁ፣
በግንቦት ቁጭ ብዬ ዝንብ ስቆጥር ከረምሁ።
የሾፌሩ የጉግሣ "ስመለስ እሰጥሃለሁ"
የትኛው ጣሳ ውስጥ ይገባል? ሞከርኩት።
አይገባም።
አንድ ሌሊት ደግሞ ከ"ኮምፕረሰር" ላይ
ስድስት መቶ አነሳሁ፣ ለወንድሜ ድግስ።
"ወረቀት ጻፍ" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።
ከራሴ ተበደርኩ፣ ለራሴ ፈረምኩ፣
ከዚያ ወዲህ ራሴን መንገድ ላይ ሳገኘው
አንገቴን እሰብራለሁ፣
ባለዕዳ እንደመሆኔ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው መንገዱ ዝም ያለው።
ከመነዳሪው እንኳ ግድግዳው ላይ ደረቀ።
በሃያኛው ሌሊት ሻሿን ፈታችና
ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣
ዝም ብላ አየችው ለብዙ ጊዜ።
"አራት ጫፍ ነው ያለው" አልኳት፣
"አምስተኛ ከየት ይመጣል?"
መሃሉን ቆንጠጥ አድርጋ አሰረች።
"ይሄ ለዝምታው።
መንገድ በደኅናው ቀን ከአሥር አንድ ይሰጠኛል፤
ለቤትም ለሱቅም አይደለም፣
እንዳትጠይቀኝ።"

ትናንት ሲኖዎቹ ተመልሰው መጡ፣
ጉግሣም መጣ፣ ግማሹን ከፈለ።
ማታ ቤት ስገባ ዘምዘም ሻሿን ልታስር
መስታወት ፊት ቆማለች።
መሃሉ ላይ፣ ከማጅራቷ በላይ፣
እንደ ለውዝ ፍሬ አበጥ ያለ ነገር አየሁ።
ስንት ነው አላልኳትም።